ሚያታ ወይስ 86? የፈረስ ጉልበቱን ተዉትና ጎማውን እዩ

ዛሬ ጽሑፉ ረዘም ይላል። ቡና የያዛችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ታክሲ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት።

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጥያቄ ልኮልኛል። ዕድሜው 24 ነው። ቀን ኮሌጅ ይማራል፣ ማታ መጋዘን ይሠራል። ሦስት ዓመት ቆጥቦ ወደ 15 ሺህ ዶላር አጠራቅሟል። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ቲቸር፣ ያገለገለች ስፖርት መኪና ልገዛ ነው። ማዝዳ ሚያታ ወይስ ቶዮታ 86?» ከሱ በፊትም ሁለት ሦስት ልጆች ይሄንኑ ስለጠየቁኝ መልሱን እዚሁ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ቀልደኞቹ ሳትቀድሙኝ እኔው ልናገር፦ አዎ፣ መምህሩ መኪና የለውም። የነዳሁት የአጎቴን አሮጌ ኮሮላ ነው። የሁለቱንም መኪኖች መሪ ጨብጬ አላውቅም፤ ስለዚህ ስለ ስሜታቸው የነዷቸው ይናገሩ። እኔ የማወራው ስለ ፊዚክስና ስለ ኪስ ነው። ዲፕሎማዬም እሱ ላይ ነው፤ ኪሱን ደግሞ ኑሮ አስተምሮኛል።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ሁለቱም ጥሩ መኪኖች ናቸው። ግን «የቱ ይፈጥናል?» ብሎ የሚጀምር ሰው ከመነሻው ስቷል። መጠየቅ ያለበት «የቱን ብገዛ ለጎማ፣ ለኢንሹራንስና ለጥገና ገንዘብ ይተርፈኛል? ሕይወቴስ ውስጥ የቷ ትገባለች?» ተብሎ ነው።

እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ። ልጆቹ «የኋላ ጎማ የሚገፋት መኪና» ሲሉ ከሰማይ የወረደ ነገር ይመስላቸዋል። እኛ አገር እኮ ሞልቷል! ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ሞተሯ ከፊት ነው፣ የሚገፋት ግን የኋላ ጎማዋ ነው። የሐረርና የድሬዳዋ ፔጆ 404ም እንደዚያው። በየቀኑ የምንሳፈርበት ሃይሩፍ ሚኒባስም ኋላው ነው የሚገፋው። ታዲያ ስፖርት መኪና ላይ ለምን ይፈለጋል? ጎማ መሬት የሚቆነጥጥበት አቅም ልክ አለው። ቪትዝን የመሰለች የፊት ጎማ የሚጎትታት መኪና ላይ ሁለቱ የፊት ጎማዎች መጎተትም መዞርም አለባቸው፤ ሥራ ይደራረብባቸዋል። የኋላ ጎማ ሲገፋ ግን ሥራው ይከፋፈላል፤ ፊቱ ያዞራል፣ ኋላው ይገፋል። ነዳጅ ስትረግጥ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የሚገፋው ጎማ ይበልጥ መሬት ይይዛል። መሪውም ንጹሕ ሆኖ ይሰማሃል። ምሥጢሩ ይሄው ነው፤ ሌላ አስማት የለውም።

አሁን ወደ ሁለቱ እንምጣ። የመኪና ሞዴል ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሚያታ ወይም ኤምኤክስ-5 የማዝዳ ናት። ለሕዝብ የታየችው በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፣ ጣሪያዋ ይከፈታል። አንድ ሚሊዮንኛዋ በ2016 ከፋብሪካ ወጥታለች፤ ሁለት መቀመጫ ካላቸው ስፖርት መኪኖች በሽያጭ ብዛት የዓለም ክብረ ወሰን የሷ ነው። ማዝዳዎች ሲሠሯት የተመሩበት ሐሳብ በጃፓንኛ «ጂንባ ኢታይ» ይባላል፤ ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ይሄን ለኛ ማስረዳት ቀላል ነው። እኛ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብለን በፈረሳቸው ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ከ2016 ሞዴል ጀምሮ ያለችው አራተኛዋ ትውልድ ክብደቷ ወደ 1,060 ኪሎ ገደማ ነው። ለዘመኑ መኪና ይሄ ላባ ነው። ሞተሯ 2.0 ሊትር፣ ጉልበቷ 155 ፈረስ ነበር፤ በ2019 ወደ 181 ከፍ አለ።

86ን ቶዮታና ሱባሩ አብረው ነው የሠሯት። አሜሪካ የገባችው በ2013 ሞዴል ነው። ስሟ ያደናግራልና ልብ በሉ፦ ሳይዮን ኤፍአር-ኤስ፣ ሱባሩ ቢአርዚ፣ ቶዮታ 86 ሁሉም በመሠረቱ አንድ መኪና ናቸው። ሳይዮን የሚባለው ስም በ2016 ሲቀር ኤፍአር-ኤስ ቶዮታ 86 ተባለች። ስለዚህ ስትፈልጉ በሦስቱም ስም ፈልጉ፤ አንዳንዴ ስሙ ብቻ ዋጋውን ይለውጠዋል። 2.0 ሊትር ሞተሯ ፒስተኖቹ ጎን ለጎን የተኙበት የሱባሩ ሞተር ነው። ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ የመኪናዋም ክብደት ወደ መሬት ይጠጋል። ጉልበቷ 200 ፈረስ፣ ክብደቷ ወደ 1,250 ኪሎ ነው። ለስም ያህል ሁለት የኋላ መቀመጫ አላት። ስሟን የወሰደችው በ80ዎቹ ከነበረችው፣ ኋላዋ ከሚገፋት ኮሮላ ኤኢ86 ነው። አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ አሳምረው የሚነዱ የኛ ሰፈር ልጆች ይቺን የሩቅ ዘመድ ሊሏት ይችላሉ።

እዚህ ጋ ነው ክርክሩ የሚጀመረው። «200 ከ155 ይበልጣል፣ አለቀ!» ይላል አንዱ። ቆይ ወንድሜ። ክብደቱን ለጉልበቱ አካፍለው። ሚያታ በአንድ ፈረስ ወደ 6.8 ኪሎ ትጎትታለች፣ 86 ደግሞ 6.25 ኪሎ። ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ አይደለም። ሁለቱም ከዜሮ ተነስተው በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ ከ6 እስከ 7 ሰከንድ ይበቃቸዋል። የዛሬ የኤሌክትሪክ ቤተሰብ መኪና ልጆች ጭኖ ጥሏቸው ሊያልፍ ይችላል። በቀጥታ መንገድ ለመፎካከር ከሆነ ሁለቱንም አትግዙ።

ፍጥነት ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? ኩርባው ነዋ። የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ትዝ ይበላችሁ። መኪና ሜዳ ላይ ኩርባ ስትዞር የሚይዛት የጎማና የመንገድ ሰበቃ ነው። ሳትንሸራተት መዞር የምትችልበትን ከፍተኛ ፍጥነት ለማግኘት የሰበቃውን መጠን በ9.8 ታባዛለህ፣ ያንን በኩርባው ሬዲየስ ታባዛለህ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት ታወጣለህ። የመኪናዋ ክብደት ከሁለቱም ወገን ስለሚሰረዝ ይጠፋል። አሁን 50 ሜትር ሬዲየስ ያለው ኩርባ ውሰዱ። መንገዱ ደረቅ፣ ጎማው ጥሩ ሆኖ ሰበቃው 0.9 ቢሆን፣ መልሱ በሰከንድ 21 ሜትር ነው፤ በሰዓት ወደ 76 ኪሎ ሜትር። ዝናብ ዘንቦ፣ ጎማው አልቆ ሰበቃው 0.4 ቢሆን ደግሞ በሰከንድ 14 ሜትር፤ በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር። ያው መኪና፣ ያው ሾፌር፣ ያው ኩርባ። 26 ኪሎ ሜትሩን የበላው ጎማና ውሃ ነው።

ቀመሩ ውስጥ የፈረስ ጉልበት አያችሁ? የለም። የመኪናዋ ስም አለ? የለም። ጎማ ግን አለ። 15 ሺውን ሁሉ መኪናዋ ላይ ጨርሶ በላጨ ጎማ የሚነዳ ሰው ስፖርት መኪና ገዛሁ ቢልም የገዛው አደጋ ነው። ከምር ነው የምላችሁ።

የ86 መሐንዲሶች ይሄን አሳምረው ያውቁ ነበር። ከፋብሪካ ስትወጣ የተገጠመላት ጎማ ጠበብ ያለ፣ መያዣውም መካከለኛ የሆነ፣ ፕሪየስ ላይ ከሚገጠመው የሚመሳሰል ነበር። ሆን ተብሎ ነው። ሾፌሩ ጎማው መሬት መልቀቅ ሲጀምር በዝቅተኛ ፍጥነት እንዲሰማው፣ በዝቅተኛ ፍጥነትም እንዲማርበት ነው። ሚያታም በቀላልነቷ ይሄንኑ ነው የምታደርገው። የሁለቱም ትልቁ ስጦታ ይሄ ይመስለኛል፤ ሕግ ሳትጥስ መንዳት ያስተምሩሃል። 450 ፈረስ ያላት መኪና ላይ ትምህርቱ በሚጀምርበት ፍጥነት ላይ ስህተት ከሠራህ ለሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላትደርስ ትችላለህ። የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው፤ ፍጥነትህ አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን የሚመታህ ጉልበት ሁለት እጥፍ ከሩብ ይሆናል። ማርክ ሰጥቼ ያሳለፍኩት ልጅ ለቅሶ ላይ መቀመጥ አልፈልግም።

ስለ 450 ፈረስ ካነሳን አይቀር፣ ሦስተኛውን ተወዳዳሪ እዚሁ ላውጣው። «ቲቸር፣ ጓደኞቼ ጨምረህ በብድር ሙስታንግ ግዛ ይሉኛል» ብሎኛል። ሒሳቡን እንሥራ። 30 ሺህ ዶላር በ12 በመቶ ወለድ፣ በ6 ዓመት የሚከፈል እንበል። በወር ወደ 587 ዶላር ይመጣል። በ6 ዓመት 42,200 ዶላር ገደማ ትከፍላለህ። ወለዱ ብቻ 12,200 ነው። ይሄ እኮ የአንዲት ያገለገለች ሚያታ ዋጋ ነው! ለባንኩ ሚያታ ገዝተህ ሰጥተህ አንተ ዕዳ ትነዳለህ። በዚህ ላይ ለ24 ዓመት ወንድ ልጅ የሚጠየቀው ኢንሹራንስ አለ። ጥሬ ገንዘብ ይዘህ የምትገዛት መኪና ሥራ ብትቀይር፣ ብትታመም፣ ከአገር ቤት ድንገት «ይላክ» ብትባል አታስጨንቅህም። ይቺን ነፃነት በ250 ተጨማሪ ፈረስ አትለውጣት።

«ቤተሰብ እየጠበቀው ስፖርት መኪና ምን ያደርግለታል?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ኮመንት ከመጻፋችሁ በፊት ግን አስቡት። ይሄ ልጅ በየወሩ ለእናቱ ይልካል፤ አልቀረም። ሌሊቱን ካርቶን ሲያነሳ ያድራል። ሰው በራሱ ላብ፣ ያለ ዕዳ፣ አንዲት የምታስደስተው ነገር ቢገዛ ምኑ ነው ነውሩ? ኮሮላ ቢገዛ ይቆጥባል፣ እውነት ነው። ግን ቁጠባ ብቻውን ኑሮ አይደለም። ቅደም ተከተሉን ከጠበቀ፣ ማለትም ለቤት ልኮ፣ ለትምህርቱ ከፍሎ፣ ለክፉ ቀን አስቀምጦ በተረፈው ከገዛ፣ እኔ በበኩሌ መርቄዋለሁ።

እሺ፣ የቷን? መልሱን የሚሰጠው አንድ ጥያቄ ነው፦ ያለህ መኪና ይሄ ብቻ ነው?

የኔ ተማሪ ሌላ መኪና የለውም፣ ቤቱንም ከሰው ጋር ነው የሚጋራው። እናቱ ደግሞ ቪዛ እየጠበቁ ነው። እግዚአብሔር ፈቅዶ ሲመጡ ዳለስ ኤርፖርት ሊቀበላቸው መሄዱ አይቀርም። የኛን እናቶች ታውቃላችሁ። እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች፣ ውስጣቸው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፤ በእጅ ደግሞ ሌላ ቦርሳ። የሚያታ ዕቃ መጫኛ 130 ሊትር ገደማ ነው። አንዱ ትልቅ ሻንጣ እንኳ መግባቱ ያጠራጥራል። ኋላ መቀመጫ የሚባል ነገር የላትም። ወይ ሻንጣው ይቀራል ወይ እማማ ይቀራሉ። 86 ላይ ግን የኋላ መቀመጫው ወደ ፊት ይታጠፋል፤ አራት ጎማ ጭነው ወደ ውድድር ሜዳ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ሁለቱ ሻንጣዎች ከኋላ፣ እናት ከፊት፣ ጉዞ ወደ ቤት። መግባትና መውጣቱ ለእናቶች ጉልበት ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ ይቻላል።

ጣሪያም አለ። ሚያታ በብዛት የሸራ ጣሪያ ናት። ውጭ፣ መንገድ ዳር፣ በረዶም ፀሐይም የሚያገኛት ከሆነ ሸራው ያረጃል። የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቿ በቅጠል ሲደፈኑ ደግሞ ውሃው ወደ ውስጥ ይመጣል። ጋራዥ ላለው ሰው ይሄ ምንም አይደለም። አፓርታማ ለሚኖር ግን ያሳስባል።

በሌላ በኩል 86 ውዱን ቤንዚን ነው የምትጠይቀው። ሞተሯም በመካከለኛው ዙር፣ ከ3,500 እስከ 4,500 አካባቢ፣ ጉልበት የሚያንሳት ቦታ አላት፤ ነጂዎቿ ሁሉ የሚያማርሩት እሱን ነው። ሚያታን የነዱ ተማሪዎቼ ደግሞ ስለሷ ሲያወሩ ድምፃቸው ሁሉ ይለወጣል። ጣሪያውን ከፍቶ በመስከረም ወር የሸናንዶዋን ተራራ መንገድ የነዳ ልጅ የላከልኝን የድምፅ መልእክት ሰምቼ እኔም ቀንቻለሁ።

ስለዚህ ፍርዴ ይሄ ነው። ቤት ውስጥ ሌላ መኪና ካለ፣ ባለትዳር ከሆናችሁና ባለቤታችሁ ሌላ መኪና የምትነዳ ከሆነ፣ ወይም ለሥራ ባቡር የምትሄዱ ከሆነ፣ ሚያታን ግዙ፤ ደስታን በኪሎ ብንመዝን እሷ ትበልጣለች። አንድ መኪና ብቻ ላለው፣ እናቱን ከኤርፖርት ለሚያመጣ ልጅ ግን 86።

ከስሙ በላይ የሚበልጠው ግን ፊትህ የቆመችው መኪና ሁኔታ ነው። በደንብ የተያዘች ሚያታ ከተሰቃየች 86 ትበልጣለች፤ ተቃራኒውም እውነት ነው። ሁለቱም ላይ ልታዩ የሚገባውን ላስቀምጥ፦

86 ላይ፦ የ2013 ሞዴሎች የቫልቭ ሞላቸው ሊሰበር ስለሚችል በ2018 መጨረሻ ለጥገና ተጠርተዋል። ሥራው ሞተር የሚያስፈታ ከባድ ሥራ ነው፤ ከጥገናው በኋላ ሞተራቸው የተበላሸባቸውም ነበሩ። ስለዚህ 2013 ከሆነች ሥራው ተሠርቷል ወይ፣ ማን ሠራው፣ ከዚያ በኋላ ስንት ማይል ሄዳለች ብላችሁ ጠይቁ። ከተቻለ ከ2014 ወዲህ ያለውን ፈልጉ።

ሚያታ ላይ፦ ከ2016 እስከ 2018 ያሉት ማኑዋሎች ካምቢዮ ላይ ድክመት ታይቷል። በተለይ ሁለተኛ ማርሽ። ሞተሩ ሞቆ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ደጋግማችሁ ሞክሩ። ብትንገጫገጭ፣ እምቢ ብትል፣ ወይ ካስገባችሁት በኋላ ማርሹን ብትተፋው፣ ሻጩን አመስግናችሁ ሂዱ።

ሁለቱም ላይ፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እንዲነሳ ጠይቁ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ተጠራጠሩ። ባለ 17 አኃዙን የሻንሲ ቁጥር የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ በነፃ አስገቡት፤ ያልተሠራ የጥገና ጥሪ ካለ ይነግራችኋል። «ሳልቬጅ» የሚል ታይትል ያላትን፣ የቱንም ያህል ብትረክስ፣ እለፏት። ሻጩን የማያውቅ መካኒክ ከፍላችሁ አስመርምሩ። ኢንሹራንሱንም ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱንም ቁጥር ሰጥታችሁ ዋጋ አስወጡ፤ አንዳንዴ ምርጫውን የሚጨርሰው እሱ ነው።

አንድ ነገር አደራ። የኋላ ጎማ የሚገፋት መኪና ኩርባ መሃል ላይ ደንግጠህ ነዳጁን በአንዴ ብትለቅ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል፣ ጅራቷ ይወጣል። መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክስ አሜሪካ ውስጥ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም አዳዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ ነው፤ ሁለቱም አላቸው። የሚያጠፋው ቁልፍም አለ። ያንን ቁልፍ ሕዝብ በሚሄድበት መንገድ ላይ አትንኩት። ዩቲዩብ ላይ ያያችሁት ልጅ ከካሜራ ጀርባ ስንት መኪና እንደሰበረ አይነግራችሁም። መማር ለሚፈልግ የተዘጋ ሜዳ ላይ በትንሽ ክፍያ የሚያለማምዱ የመኪና ክበቦች አሉ። ሄዳችሁ ኮን መሃል ተማሩ። ኮን ብትገጩ ኮኑን ታነሱታላችሁ፤ ሰው ከሆነ ግን አይነሳም።

አገር ቤት ያላችሁ «ይሄ ለኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ሚያታም 86ም እዚህ አይመጡልንም። የኩርባው ቀመር ግን ቪዛ አይጠይቅም። ሚኒባስም ላይ፣ ላዳም ላይ ይሠራል። ክረምት ላይ በላጨ ጎማ ከተራራ የሚወርድ ሾፌር ያ 0.4 ላይ ነው ያለው። ተሳፋሪ ሆናችሁም ቢሆን ከመግባታችሁ በፊት ጎማውን አንዴ እዩ።

ለተማሪዬ የሰጠሁት በጀት ይሄ ነው፦ ከ15 ሺው 12 ሺውን ለመኪናዋ፣ አንድ ሺውን ለአራት አዲስ ጎማና ለፍሬን፣ አንድ ሺውን ለታክስ፣ ለሰሌዳና ለመጀመሪያው ኢንሹራንስ፣ የቀረውን አንድ ሺህ ደግሞ የማይነካ ለድንገተኛ ብልሽት። በ12 ሺህ ጥሩ 86 ካልተገኘ ይጠብቅ። መኪና አይጠፋም፣ ነገም ይሸጣል።

የነዳችኋቸው፣ በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ያላችሁ፣ ኢንሹራንስ ስንት እንደምትከፍሉና በረዶ ላይ እንዴት እንደሆኑ ኮመንት ላይ ጻፉለት፤ ያነባል። የምትገዙም ካላችሁ መኪናዋ ላይ ተደግፋችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ ሳይሆን የአራቱን ጎማዎች ፎቶ ላኩልኝ። ማርክ የምሰጠው እሱን አይቼ ነው።